የቁራውን ባለቤት ፊርማ ለጠየቁን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የፊልም ምርመራ ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ትዕይንት ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከራስዎ በላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ እንደምን ሰንብተዋል? ከደጅዎ አግዳሚ ላይ ስውል አንድም ቀን ቆሞ አላየሁትምና፣ በቢሮዎ ሳያርፍ የሚሠራ መኖሩን መስክሬ ልለፍ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ጎፒናታን ካይማል እባላለሁ፤ ከኋላዬ ኩባንያ የሌለኝ፣ ዝነኛ ተዋናይ ስልኬን የማያነሳልኝ የፊልም ፕሮዲውሰር ነኝ። ለመጀመሪያ ፊልሜ የእናቴን የኮኮናት እርሻ ሸጥኩ፤ እኛ ዘንድ ለበረከት ኮኮናት መሬት ላይ ሳይሰበር ካሜራ አይነሳምና፣ ከዚያ ወዲህ የምሰብራትን ከጎረቤት እለምናለሁ። ለሠራተኛው ሩዝ የምቀቅለው፣ መብራት የምሸከመው፣ ፖስተር የምለጥፈው እኔው ነኝ። ባለቤቴ ራማኒ፣ «ሌላ ሴት ብትይዝ እንኳ ይሄን ያህል አታከስርህም ነበር» ትለኛለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በመጨረሻው ፊልሜ አንድ ሽማግሌ ለሞተች ሚስቱ ወንዝ ዳር በሙዝ ቅጠል ላይ የተድበለበለ ሩዝ ያኖራል፣ እጁን አርጥቦ ያጨበጭባል፣ ቁራ መጥቶ ይበላል። በቃ። እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ፣ ለአባትዎ ያጨበጨቡ ሰው ነዎትና፣ ሙታን በቁራ አምሳል መጥተው እንደሚበሉ፣ ቁራው አልበላ ካለም ሟቹ የቀረበት ምኞት አለ እንደሚባል እኔ አልነግርዎትም። ያ ቁራ በገዛ ክንፉ መጣ፣ በላ፣ ሄደ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን፣ ቁራው አለመጎዳቱ በሐኪም ተረጋግጦ የባለቤቱ ፊርማ ካልቀረበ ፊልሙ ለሕዝብ አይታይም አለ።

ሁለተኛ፤ በቅጹ ላይ «የእንስሳው ባለቤት» የሚለው ጋ ስደርስ ጨነቀኝና እውነቱን ጻፍኩ፤ «ሙታን» ብዬ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እርስዎ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ነዎትና፣ «ከተጠቀሱት ባለቤቶች ቢያንስ የአንዱ ፊርማ ተያይዞ ይቅረብ» የሚል መልስ ከነማኅተሙ ላኩልኝ። ራማኒ አንብባው ሆዷን እስኪያማት ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ እንዳልተርት እንኳ፣ ለላሟም ፈቃድ አምጣ እንዳልባል ፈራሁ።

ሦስተኛ፤ ሽማግሌውን ሆነው የተጫወቱት ቬላዩዳን ነበሩ፤ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ተውኔት ስላስተማሩ ትልቅ ትንሹ «አሳን»፣ መምህር ለማለት፣ የሚላቸው። ዕድሜ ልካቸውን በቤተ መቅደስ ግቢ መድረክ ላይ ንጉሥ ሲሆኑ ኖረው፣ ፊታቸውን በሲኒማ ሸራ ላይ አይተው አያውቁም። ልባቸው ታሞ ነበርና፣ በስልኬ ላሳይዎት ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ለስልክ አልተጫወትኩም። ከሰፈሬ ሰው ጋር ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የማየው» አሉኝ። ይህንኑ ይዤ ደጅ ብጠና፣ ጸሐፊዎ በትሕትና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው። አሳን ግን ቸኮሉ፤ ዝናቡ ሳይገባ ሞቱ።

ይሄኛው አራተኛ ይባል አይባል አላውቅም፤ መቁጠሩም ደከመኝ። አሳን ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሩዙን እንዳኖርላቸው የተጠራሁት እኔ ነኝ። በዚያው ወንዝ ዳር፣ ካሜራዬን ተክዬ በነበረበት ቦታ፣ ቅጠሉን ዘርግቼ፣ እጄን አርጥቤ አጨበጨብኩ። ቁራዎቹ ከማንጎው ዛፍ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ የሚወርድ ግን ጠፋ። ሴት ልጃቸው ታንካማኒ ቤቱን እንደማትሸጥ ማለች፤ አልወረዱም። የተኳረፉት ወንድማቸው ይቅር ብዬዋለሁ አሉ፤ አልወረዱም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያየኝ ጀመር። አንዲት አሮጊት፣ «ምን ያቁለጨልጭሃል? ቃል ግባላቸው እንጂ» አሉኝ። እንባዬ እየወረደ፣ «አሳን፣ ፊልሙን በመንደራችን ሲኒማ ቤት አሳያለሁ፤ የፊቱን ወንበርም ለእርስዎ ባዶውን እተዋለሁ» አልኩ። አንድ ቁራ ወረደና በላ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በእርስዎ ደጅ ላይ ቀጠሮ ይታጠፋል፤ ለሙት የተገባ ቃል ግን አይታጠፍም። ፊልሙ የመከር በዓል ዕለት ይታያል፤ ፈቃድዎ ከደረሰ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ካልደረሰም ፖሊስ የሚልኩት ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንዲሆን በትሕትና እለምናለሁ።

የደጅዎን አግዳሚ በመቀመጫው ያለሰለሰው፣ ለትዕግሥት ትምህርትዎ ምንጊዜም ባለውለታዎ፣

ጎፒናታን ካይማል

ማሳሰቢያ፤ ስለ ፊርማው፣ ከቁራው ባለቤቶች አንዱን አሁን በስም አውቃቸዋለሁ፤ ፈቃዳቸውንም ሰው ሁሉ እያየ ሰጥተዋል። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የሚጨበጨብልዎ ቀን ሲደርስ ግን፣ ቁራዎቹ የባለቤት ፊርማ ሳይጠይቁ እንዲወርዱልዎ እጸልያለሁ።