ለዕጩዋ የተተከለ ድንኳን

ቅዳሜ

ሦስት ቤት ሄድኩ፤ ሦስቱም «እንጸልይበት» አሉኝ።

መጸለይ መልካም ነው። ግን ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያጨበጨቡልኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን የተናገርኩት ስለ ድልድዩ ነበር። የእግረኛ ድልድያችንን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ውሃው በሞላ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሻገሩት በሰው ጀርባ ነው። «ከተማው ምክር ቤት ገብቶ የሚናገርልን ሰው የለንም» ስል፣ አጥር የምንጋራው ሃዳ ቦንቱ፣ የቦንቱ እናት፣ ከኋላ ብድግ አለች። «አንቺው ግቢልን!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሙሉ «ኤዬ!» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ገባሁበት። በፓርቲ ሳይሆን በግሌ ስለምወዳደር የሰፈሩ ሰው የድጋፍ ፊርማ ያስፈልገኛል፤ ዓርብ ቢሮ ሳይዘጋ።

ሃዳ ቦንቱ ወረቀቱን አየችው። እስክሪብቶውን አየችው። «ሃዳ ናኦል፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለች። ቆሎ አቀረበች። ልጄ ናኦል ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። በቆሎ ዘር ዘንድሮ እንዴት እንደተወደደ አወራችኝ። በሩ ላይ ስትሸኘኝ «እንጸልይበት» አለች።

እስካሁን የፈረመልኝ ወፍጮ ቤቴ የሚሠራው ሰው ብቻ ነው። ደመወዙን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ምን ያድርግ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሁሉም አቅፈው ሳሙኝ። ስለ ፊርማ ትንፍሽ ያለ የለም። ሃዳ ቦንቱ መዝሙር ሲዘመር ዓይኗን ጨፍና ነበር። እየጸለየችበት ይሆናል።

ምሳ ላይ ለቶሎሳ ነገርኩት። ባሌ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ነው፣ ከገባው በኋላ ግን ይስቃል። ሳቀ።

«በየቤቱ የምትዞሪው ብቻሽን ነው?»

«ከማን ጋር ልዙር?»

«እኔ አባትሽ ዘንድ ብቻዬን መጥቼ ‹ልጅዎን ስጡኝ› ብል ኖሮ ይሰጡኝ ነበር?»

«ምርጫ እኮ ነው ቶሎሳ። ጋብቻ አይደለም።»

«ለራሱ የሚለምን ሰው የለም። ሽማግሌ ይላካል።»

ዓርብ የሚዘጋ ነገር ላይ ሽማግሌ! ደግሞ ሽማግሌ ከተባለ የሚቀድሙት ኦቦ ዲንቃ ናቸው፣ የአፎሻችን ሰብሳቢ። አፎሻ እንደ እድር ነው፤ ሰው ሲሞት የምንቀብረው፣ የምንቀበረውም በእሱ ነው። ከኦቦ ዲንቃ ጋር ደግሞ አምና ተጣልተናል። የአፎሻውን ድንኳን ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሰጥተው፣ ሰው ሲሞትብን በሸራ ተጠልለን አለቀስን። በሰው ፊት ነገርኳቸው። ዛሬም ቢሆን እነግራቸዋለሁ።

ቶሎሳ ይህን ሁሉ ያውቃል። «ለእኔ አባትሽ ዘንድ የመጡትም እሳቸው ናቸው» አለኝና አፉን ጠረገ።

ሰኞ

የነዋሪነት ማረጋገጫ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው አዲስ ልጅ ነው፤ አያውቀኝም። በኦሮምኛ ነው ያወራነው።

«ከየት ነሽ?»

«ከዚሁ ከጨለለቂ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከሲሬ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አልተወለድኩም።»

ሳቀና ማህተሙን መታው። እኔም ሳቅኩ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። አባቴና እናቴ ከወሎ መጥተው ሲሬ ሰፈሩ። እናቴ የምትቆጣኝ በአማርኛ ስለነበር ራሴን ስቆጣ፣ እንዲህ ስጽፍም፣ በአማርኛ ነው። የምገዛው፣ የምሸጠው፣ የምጸልየው በኦሮምኛ ነው። ይህን ለጸሐፊው ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሦስት ጊዜ መጠየቁን ግን አልረሳሁትም።

ቶሎሳ ከሥራ እንደተመለሰ ኦቦ ዲንቃ ዘንድ ሄደ። እኔ እንድከተለው አልፈቀደም። ሲመለስ ያሉትን ነገረኝ። «ያቺ ሴት ፊት ለፊት ነው የምትሰድበኝ። ከኋላዬ የሚሰድቡኝን ምክር ቤት ከምልክ እሷን ብልክ ይሻላል።»

እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ወጥተዋል። ኦቦ ዲንቃና ሌሎች ሁለት፣ በትር ይዘው፣ የቶሎሳን ጥቁር ጃንጥላ ጨምረው። ወሬው ከእህል ጋር ወፍጮ ቤት ይገባል። «ሃዳ ቦንቱ ቤት ‹ግቡ› ሲባሉ አንገባም ብለው ደጅ ቆሙ።» «ገቡ፤ ግን አልቀመጥም አሉ።» «ተቀመጡ።»

ከሰዓት ሃዳ ቦንቱ የሰጠችው መልስ ደረሰኝ፦ «ዘመድ ላማክር። ሌላ ቀን ኑ።»

ልብድ ነበር። ቶሎሳን «ዓርብ ነው እኮ የሚዘጋው! ምን ዘመድ ነው የምታማክረው?» አልኩት።

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ልጅቷን ንቋታል ማለት ነው» አለ። «ደስ ይበልሽ።»

ደስ አላለኝም።

ረቡዕ

ዝናብ። መብራት ጠፋ፤ ወፍጮው ቆሟል።

ያለኝ፦ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የወፍጮ ሠራተኛዬ ፊርማ።

የሌለኝ፦ ሰፈሩ።

ወንዙ ዳር ሄጄ ነበር። ውሃው ድንጋዮቹን ሸፍኗል። ከማዶ የዩኒፎርማቸውን ሱሪ እስከ ጉልበት የጠቀለሉ ልጆች ተሸካሚ ይጠብቃሉ። አንዲት ሴት ከጀርባዋ አንዱን አውርዳ ለሌላው ተመለሰች። ውሃው ወገቧ ይደርሳል። ፊርማ ባላገኝም እዚህ መቆሜ አይቀርም። ግን ከምክር ቤት ወንበር የሚወጣው ድምፅ ከዚህ ከሚጮኸው ይሻላል።

ሐሙስ

ጠዋት ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው ወፍጮ ቤት መጡ። ፊታቸው በርቷል። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ከድንኳኑ ጠብ ወዲህ ብለውኝ አያውቁም። ትናንት ማታ አፎሻውን ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ዳግም ለመኑ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኤዬ» አለ። መረቁኝ። አለቀ።

«ፊርማውስ ኦቦ ዲንቃ?»

ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ከላይ «ሰፈሩ ተስማምቷል» ይላል። ከታች የእሳቸው ፊርማ። በፊርማው ላይ የአፎሻው ማህተም።

ምን እላለሁ? ይዤው ሄድኩ። የምርጫ ቢሮዋ ልጅ ጨዋ ናት፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ።

«እትዬ፣ ይህ የአንድ ሰው ፊርማ ነው።»

«የሰፈሩ ነው።»

«ሰፈር አይፈርምም። እያንዳንዱ ሰው፣ በገዛ እጁ፣ ከመታወቂያው ጋር።»

ትክክል ናት። ለኦቦ ዲንቃ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ባጃጁ ሰፈሬን አሳልፎኝ ሄደ።

ነገርኳቸው። ፊታቸው ጨለመ። «ኤዬ ያለ ሕዝብ መልሶ ሊጠየቅ ነው? ቃላችን ሊቆጠር?» በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ለቅሶ ላይ ስም አንጠራም እንዴ? አንድ በአንድ? የቀረውን አንቀጣም?»

«እንጠራለን።»

«በቃ። ነገ ስም እጠራለሁ።»

ዓርብ

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ወፍጮ ቤቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ያው ድንኳን። ኦቦ ዲንቃ ጠረጴዛ አስቀርበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መዝገቡን ገልጠዋል። የአፎሻው መልእክተኛ በየበሩ «መታወቂያ ይዛችሁ ውጡ!» እያለ ይጮሃል። ለምን እንደሆነ መናገሩን ረስቶታል።

ድንኳን ያየ ሰው ምን ያስባል? ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ «ደህና ሰው ነበረች» ሲሉ ሰማሁ።

ሃዳ ቦንቱ በአጥሩ ዞራ መጣች፤ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። «ወይኔ ሃዳ ናኦል! ወይኔ ጎረቤቴ! ፊርማ ከልክዬሽ ሄድሽ!» ደረቷን እየመታች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«ቆመሽ ታስለቅሺኛለሽ?» አለች። «ቆመሽ?» በነጠላዋ መታችኝ፤ ደግማ መታችኝ፤ አቀፈችኝ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጠ። ኦቦ ዲንቃ ብቻ አልሳቁም። «ሃዳ ቦንቱ» ብለው ጠሩ፤ መዝገቡን ሳይሆን እሷን እያዩ። «አለሁ» አለች። እንባዋን ሳትጠርግ ፈረመች።

ወረቀቱን ስታስረክበኝ ጆሮዬ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ቅዳሜ ብቻሽን ስትመጪ አንጀቴን በላሽው። ዘመድ እንደሌለው ሰው በር ለበር። እሺ ብልሽ ‹ሰው የላትም› ማለት አይሆንም?»

የቀበሌው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ።

ስም ተጠራ። አንድ በአንድ «አለሁ» እያሉ ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን አተሙ። ወንዙ ማዶ ያሉትም በውሃ ተሻግረው መጡ።

ቢሮ የደረስኩት ሊዘጋ ሲል ነው። ልጅቷ ወረቀቶቹን አገላበጠች፤ አንዱ ላይ ቀለሙ በእንባ ፈዝዟል። «ይህ ምንድነው?» አለች። «ለቅሶ ነበር» አልኳት። ግራ ተጋባች፣ ግን ተቀበለችኝ። ተጣርቶ ያለፉት ዕጩዎች ስም በር ላይ ይለጠፋል። መቼ እንደሆነ አታውቅም።

ቅዳሜ

በቀሪዎች ላይ ቅጣት ተወስኗል። ከቀሪዎቹ አንዱ ቶሎሳ ነው፤ ትናንት ጭነት ይዞ ዲጋ ነበር። የባሌ ፊርማ የለኝም ማለት ነው። ስነግረው አልደነገጠም። «እኔ ላኪ ነኝ» አለ። «ላኪ አይፈርምም።» ቅጣቱን ግን ይከፍላል፤ ኦቦ ዲንቃ አይምሩትም።

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ድንኳኑን ለመንቀል ወጣሁ። ኦቦ ዲንቃ ከለከሉኝ።

«ስምሽ ተለጠፈ?»

«ገና ነው።»

«ይቆይ እንግዲህ።» ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። «አንዴ አልቅሰንልሻል። ድልድዩ ሳይሠራ መሞት የለም።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ሄጄ በሩን አያለሁ። ሃዳ ቦንቱ ብቻሽን አትሄጂም ብላለች።