ማሰሪያው ወይስ ፕላስተሩ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ወሬው ይቆየኝና አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅህ። ከሦስት ዓመት በፊት ክርንህን ይዘህ «ከእንግዲህ መላጊያ መግፋት አልችልም» ስትለኝ በሆዴ «ሥራው ሰልችቶት ነው» ብዬሃለሁ። የእንጨት ወርክሾፑን ለእኔ ትተህ ሌላ ከተማ መጋዘን ጥበቃ ስትገባም አኩርፌ አልሸኘሁህም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ባለፈው ክረምት አዲሱ ቤተ መጻሕፍት አሥራ ሁለት ከባድ በሮች አዘዘኝ። አራተኛው ላይ ስደርስ ካቻቪቴ ባዞርኩ ቁጥር ከክርኔ ውጭ በኩል እሳት ይለቀቅብኝ ጀመር። ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። ያኔ አንተን አስቤ ብቻዬን አለቀስኩ።

ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ባለሙያዋ ክርኔን ጫን ስታደርገው ጮህኩ።

«የቴኒስ ክርን ይባላል» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ቴኒስ በቴሌቪዥን እንኳ አይቼ አልጨረስኩም!»

ሳቀች። «ጅማትሽ ራኬትና ካቻቪቴ አይለይም።»

ከዚያ ማሰሪያና ፕላስተር አውጥታ «ሁለቱንም ሞክሪና ራስሽ ፍረጂ» ብላ በማሰሪያው አስጀመረችኝ። ከክርን ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ክንድ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ብሎን ሳጠብቅ ሕመሙ በግማሽ ቀነሰልኝ። ታውቀኝ የለ፣ ማሰሪያውን ይበልጥ ባጠብቀው ይበልጥ ይሻለኛል ብዬ ጣቶቼን አደነዘዝኳቸው! ቀጥሎ ጡንቻ የሚደግፈውን፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውን ፕላስተር ለጠፈችልኝ። እሱስ እንደ ቆዳዬ ሆነልኝ፤ እንደ ልቤ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ዳሩ ግን ላቡና ሰጋቱራው እስከ ምሳ ሰዓት አላቆዩትም፤ እየተላቀቀ ከሸሚዜ ጋር ተጣበቀ። በመጨረሻ ለሥራ ማሰሪያው፣ ለዕረፍት ቀን ፕላስተሩ ብዬ ፈረድኩ።

እሷ ግን «እነሱ ያስታግሱልሻል እንጂ አያድኑሽም» ብላ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አስያዘችኝ። መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ ጠርሙሱን ቀስ እያልኩ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ስንቴ እንደተነጫነጭኩ! የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊም ቀን እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው፤ «እስከ ምረቃው ብቻ» አሉኝ።

ትናንት፣ ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አሥራ ሁለተኛውን በር ሰቀልኩ። ማሰሪያም የለ፣ ፕላስተርም የለ! የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ በሩን በአንድ ጣት ብገፋው ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ግጥም አለ። ኃላፊው ደጋግመው ከፍተው ዘጉትና «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እኔማ ቤተ መጻሕፍት መሆኑንም ረስቼ እልል አልኩ።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሰንፈህ አልነበረም፤ አሞህ ነበር። ለመጪው ማክሰኞ ጠዋት ከዚያችው ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። «ከሦስት ዓመት በኋላስ ይሻለው ይሆን?» ብላት «ይምጣና እንየው፤ ከሞከረ ተስፋ አለው» ብላኛለች። እንዳትቀር። ከቀረህ ያለህበት መጥቼ ጎትቼ አመጣሃለሁ፤ ጉልበቱ እንደሆነ አሁን ሞልቶኛል!

አናጢዋ ታናሽህ