አበቦቹ ያልገጠሙበት ቀሚስ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ካለሁበት ተነሥቶ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ እማ? እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ጉልበትሽስ? ስትጎነበሺ የሚያዞርሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የስፌት መኪናሽ ፔዳል አሁንም ያቃስታል? ስለ ዓይንሽ ወደ በኋላ እጠይቅሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ደብዳቤ ላይ እንደዚያ ስለሚባል ነው እንጂ ደህና አይደለሁም፤ መደበቁ ስላቃተኝ ገና ከፊቱ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ደንበኞቻችን ሁሉ ወደ ተዘጋጀ ልብስ እንደኮበለሉ ነግረሽኛል። እኔ ያለሁበት አገር ሰዉ ሁሉ አለባበስ ያውቃል፣ ቤቱም ሁሉ ያማረ ነው ስለሚባል፣ ዓይኔ ያየውን ሥዬ እንድልክልሽ፣ አዲስ ነገር ካልወጣ ስፌት ቤቱ መዘጋቱ እንደሆነ ጽፈሻል። እጅሽን ስላመመሽ የጻፈችው ታናሽ እህቴ ሚጢጢ ናት ብለሻል። ያን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ትዝ ይልሻል አይደል? ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ደብተሬን ሳላስቀምጥ «ዛሬ ዓይንሽ ምን ይዞ መጣ?» ትይኝ ነበር። የሰው እናት ምን በላሽ፣ ማን መታሽ ብላ ትጠይቃለች፤ የእኔዋ ዓይንሽ ምን ይዞ መጣ! የዛገ ቆርቆሮ ሥር የበቀለ ሣር አየሁ ካልኩሽ፣ ያ ቡናማና አረንጓዴ ብዙም ሳይቆይ የአንዷ ጎረቤት ኮሌታ ሆኖ በሰፈሩ ሲያልፍ አየዋለሁ። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መስኮቱ ጋ ወስደሽ አገላብጠሽ አየሽና ለአስተማሪው ሚስት ከላይ ጠይም፣ ገበሩ ሐምራዊ ካፖርት ሰፋሽላት። «ሽንኩርት አልብሳ ላከችኝ» እያለች ስትስቅ ከረመች፤ ካፖርቱን ግን ከላይዋ ማን ያውልቀው! የሳሎናችን መጋረጃ እንኳ ከአውቶቡስ ወንበር የተቀዳ ነው። አባባ «እዚህ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር ትኬት የምጠየቅ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

አሁን የምሠራበት የቤት ዕቃ መደብር ነው። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የውሸት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ የልጆች ክፍል። የእኔ ሥራ እነሱን ማስዋብ ነው። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ትራስ አሳብጣለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ። «ይኸው ሙያሽን አገኘሽ» ብለሽ ደስ ብሎሽ ነበር። ግን እማ፣ መጋረጃውን ብትገልጪው ከኋላው ግድግዳ ነው። መጻሕፍቱ ባዶ ካርቶን፣ ብርቱካኑ ፕላስቲክ ነው። አልጋው ላይ ማንም ተኝቶበት አያውቅም፣ ማንም አላለቀሰበትም። ቀለሙ ደግሞ አመድ፣ ነጭ፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት አመድ።

አለቃችንን «ይነሳ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ቢጫ ትራስ ሳስቀምጥ፣ ይነሳ። አረንጓዴ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ሳቆም፣ ይነሳ። አንድ ቀን አንቺ የሰፋሽልኝን ካፖርት ወንበር ላይ ጣል አደረግኩት፤ ከሥሩም ጫማ፣ አንዱን ቀና፣ አንዱን ዘመም አድርጌ አስቀመጥኩ። ሰው ገና ከሥራ የገባበት እንዲመስል ብዬ ነው። አንዲት ሴትዮ መጥታ ቆመች። ብዙ ቆማ አየችውና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቦርሳዋን አቀፈች። «ይኸው እማ!» አልኩ በሆዴ፤ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ይነሳ መጣና ሰው የሚኖርበት አስመሰልሽው እኮ፣ ሰው የሌላ ሰው ቤት አይገዛም አለኝ። ሴትዮዋ አፍራ ተነሣች፤ እኔም ካፖርቴን አነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ያዘዙኝን አነጥፋለሁ እንጂ ምንም አልሞክርም።

መንገዱም ያው ነው። ሰዉ ጥቁር ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ይሮጣል። በቀደም አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቀለም ቀቢ አጠገቤ ተቀመጠ። የቀባቸው ቤቶች ሁሉ ሱሪው ላይ ጠብ ጠብ ብለዋል፤ ሰማያዊ አለ፣ ክሬም አለ፣ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ብርቱካናማ። ድሮ ቢሆን ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ስንት ቀሚስ አወጣበት ነበር! አሁን የቆሸሸ ሱሪ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የደነገጥኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እማ፣ ዓይኔ ሞቶብኛል። እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ፤ አንገት እሥላለሁ፣ ትከሻ እሥላለሁ፣ ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። ስፌት ቤታችን በእኔ ምክንያት ሊዘጋ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሚጢጢ የላከችው ፎቶ የደረሰኝ። አዲስ የአበባ ቀሚስ ለብሰሽ በራችን ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ። ከጀርባው «እማ ራሷ ሰፍታው ነው፣ አላማረባትም?» ይላል። አንቺ ምን የማያምርብሽ አለ! ግን እማ፣ አበቦቹ አልገጠሙም። ቁልፎቹ በተደረደሩበት መሃል ለመሃል አበባው ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ ደረትሽ ላይ ሲቀር ግማሹ ወደ ሆድሽ ወርዷል። ኮሌታሽም አንዱ ክንፉ ይረዝማል። አበባ ለማጋጠም ስትዪ ጨርቅ የማትሳሺ ሴት! አበባ መሃሉን አይቆረጥም፣ ያመዋል እያልሽ ስፌቴን ስንቴ ያስፈታሽኝ ሴት!

ፎቶው ተበላሽቶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ። ደብዳቤሽን ሚጢጢ የምትጽፈው እጅሽን አሞሽ አይደለም። ደንበኞቹም የሄዱት አዲስ ነገር አጥተው አይደለም። የሰፋሽላቸውን ልብስ እቤታቸው ለብሰው አይተው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ምንም ሳይነግሩሽ ነው የቀሩት። አባባም ሚጢጢም አንጀታቸው አልችል ብሏቸው «አምሮብሻል» ብለውሻል። አንቺም አምነሽ ለፎቶ ቆመሽ ሳቅሽ። እሱ ሳቅሽ ነው አንጀቴን የበላው።

በእኛ ቤት ስለ ብዙ ነገር ይዋሻል፤ ስለ ልብስ ግን አይዋሽም። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። የአክስቴን የሠርግ ቀሚስ፣ እንግዳው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ ጎኑ ጎብጧል ብለሽ አስወልቀሽ እንደገና የሰፋሽ አንቺ ነሽ። ስለዚህ እኔ ነገርኩሽ፤ ብትረግሚኝም ርገሚኝ። ዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። ዕድሜ ነው አትበይኝ፣ ሂጂ። ዘግይቷል ይሉሽ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ። ላጽናናሽ ብፈልግ ቃሉን ከየት ላምጣው? እኔ የማሳይሽ የለኝም፤ አንቺም የምታይበት እያለቀብሽ ነው።

አባባን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ አይቆጡኝ፣ እሳቸው ያልቻሉትን ነው ያደረግኩት። የአስተማሪውን ሚስት ናፍቀሽኛል በይልኝ፤ ሽንኩርቷን እስካሁን ትለብስ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሚጢጢዬ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ ነሽ። የዘለልሽው ካለ ተመለሺና አንብቢላት፣ በእናትሽ። ከዚያ ቀሚሱን አምጥተሽ እጇ ላይ አኑሪላት። የተቆረጠው አበባ በጣት አይታወቅም፤ የኮሌታውን ሁለት ክንፎች ግን ጎን ለጎን አድርጋ ትለካቸው። እሷ ታውቃለች።

እማ፣ ዛሬ ዓይኔ ይዞ የመጣው ይህን ነው።

ልጅሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን