የዓይንን ዳር ያልዘነጉት ሲስተር ዘርፈሽ ወልደሥላሴ

ሰው የገዛ ሥራውን በሌላ ሰው ስም የሚጽፈው ስለ ምን ይሆን? ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ተሻለ ጥያቄውን ከአዲስ አበባ እስከ ጅጅጋ ተሸክሞት መጥቷል፤ መልሱን ግን እስከዛሬ አላገኘም።

ሲስተር ዘርፈሽ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ ገብሬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉመቤት ደምሴ በ1938 ዓ.ም. ኤረር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነታቸው ያለፈው በኤረርና በደወሌ ጣቢያዎች ነው፤ ሶማልኛን የተማሩት ከአማርኛ እኩል በጨዋታ ላይ ነበር። ትምህርታቸውን ድሬዳዋ ተከታትለው፣ ሐረር በነርስነት ሠልጥነው፣ በ1960 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመደቡ። እናታቸው ቀደም ብለው በማረፋቸው የአሥር ዓመቱን ተሻለን እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በ1962 ዓ.ም. ከመምህር ካሳሁን ይመር ጋር ትዳር መሥርተው መሠረትንና ዳንኤልን ወልደዋል።

በ1970 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ ጅጅጋ ሲደርስ ቁስለኞችን ይዘው ወደ ሐረር ወጡ። በመጋቢት ተመልሰው በፍንጣሪ የታወሩትን ሲያስታምሙ የዓይን ነገር ልባቸው ውስጥ ገባ፤ በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ የስድስት ወር ሥልጠና ወሰዱ። ይዘው የተመለሱት ባትሪና በቀጭን እንጨት ጫፍ የተሰካ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። በሽተኛውን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አንዱን ዓይኑን አስሸፍነው፣ “አፍንጫዬን ብቻ እይ” ይሉና ቁልፉን ከዳር ወደ መሀል ያመጡታል። “ጥግ ላይ መብረቅ ይታይሃል? ዝንብ ወይም ጥቀርሻ መሳይ ይበርብሃል? ጥላ ይጋርድሃል? ከየት በኩል?” እያሉ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ሬቲና፣ ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከዳር መሆኑን፣ በጊዜ ካልተደረሰለትም ተላቆ እንደሚያሳውር ያውቁ ነበር።

ተሻለ በ1968 ዓ.ም. ወደ ኦዴሳ ሄዶ የዓይን ሐኪም ሆነና በ1978 ዓ.ም. እዚሁ ጅጅጋ ተመደበ። የዓይንን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያና ሌንስ ይዞ ነበር የመጣው። ሕዝቡ ግን ለካስ ሌንስ አልናፈቀም፤ ወረፋው እንደ ወትሮው ሆዮ ዘርፈሽ፣ እናት ዘርፈሽ፣ በር ላይ ተሰለፈ። አስተርጓሚዋ ማርያን ኩርፊያውን አይታ፣ “ዶክተር፣ አንተ ጋ ሰው የለም፤ ምን ያናድድሃል? ዐረፍ በላ” ትለው ነበር። እሱ ግን አላረፈም። ያሳደጉት እህቱ መሆናቸውን ረስቶ በሽተኞቻቸውን ይቆጥርባቸው ጀመር፤ በቅናት የተነሳ ምሳ አብሯቸው መብላት ተወ።

በ1979 ዓ.ም. ሚያዝያ ጌዲ የሚባሉ ግመል አርቢ ከጉናጋዶ መጡ። ቀኝ ዓይናቸው መብረቅና ጥቀርሻ ያያል። ሲስተር ዘርፈሽ ወደ ወንድማቸው ላኳቸው። ዳርን በደንብ ለማየት ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ፣ የዓይኑን ቆብ ከውጭ በስሱ ተጭኖ ዙሪያውን መመልከት ያሻል፤ ጊዜ ይወስዳል። ተሻለ ግን እህቱ በር ላይ ያለውን ሰልፍ በአንድ ዓይኑ እያየ ቸኮለ፤ ሳይጫን፣ መሀሉን ብቻ አይቶ፣ “ንጹሕ ነው” አለ።

“ተሹዬ፣ መሀሉን አየህ፤ ዳሩስ?” አሉት።

“እኔ የማየው በሌንስ ነው፤ በወሬ አይደለም።”

በሰው ፊት ነበር። ሲስተር ዘርፈሽ ግን ጌዲን፣ “ጥላ ከመጣ ሳታድር ናልኝ” ብለው እዚያው ጅጅጋ ዘመድ ቤት አስቀመጧቸው። በሦስተኛው ቀን ተሻለ ለስብሰባ ሐረር ሳለ ጌዲ መጡ፤ በአፍንጫቸው በኩል ከታች ጥላ ጋርዷቸዋል። ጥላው ከታች ከሆነ ቀዳዳው ከላይ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ከሆነ በጆሮ በኩል ነው። ሲስተር ዘርፈሽ በሽተኛውን በቀኝ ጎናቸው አስተኝተው፣ ከማርያን ጋር እስከ ድሬዳዋ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ሰደዷቸው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዓይናቸው ተረፈ።

ከሁለት ወር በኋላ የምስጋና ደብዳቤ ከአዲስ አበባው ሆስፒታል መጣ፤ ለዶክተር ተሻለ። በሠራተኛው ፊት ሲነበብ ቀድመው ያጨበጨቡት ሲስተር ዘርፈሽ ናቸው። ተሻለ ሐኪሙ እሱ በመሆኑ ብቻ የተመሰገነ መሰለውና ደብዳቤውን ተቀበለ፤ እንዲያውም በዚያ ጭብጨባቸው ቀና፤ እንዲህ ከልብ ማጨብጨብ እሱ አይችልምና። በዚሁ ዝና በ1980 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እሳቸው በዚያው ክረምት ከድንበር ማዶ የጎረፉትን ስደተኞች በድንኳን ውስጥ ሲያክሙ ከረሙ፤ ነጩ ቁልፍ አብሯቸው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጌዲ ለክትትል አዲስ አበባ መጡና ካርዳቸው ተሻለ እጅ ገባ። ውስጡ ያኔ ጌዲን ሲልኩ የጻፉት የእህቱ የእጅ ጽሑፍ ነበረ፦ “ዶ/ር ተሻለ የዓይኑን ቆብ ተጭነው ዳሩን ሲመለከቱ በላይኛው የውጭ ጥግ ቀዳዳ አግኝተዋል።” ያላደረገውን ምርመራ አድርጓል ብለው፣ እሳቸው በጥያቄና በቁልፍ የደረሱበትን ለእሱ ሰጥተውታል። እነሆ ዛሬ በቀብራቸው ላይ እውነቱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ያን ቀዳዳ ያገኙት ሲስተር ዘርፈሽ ወልደሥላሴ ናቸው። የምስጋናውም ደብዳቤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለልጆቻቸው ተሰጥቷል።

ሲስተር ዘርፈሽ ከኅዳር ወር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በ45 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ሆዮ ብለው የሚጠሯቸው ሁሉ ቀርተዋል። ለብዙዎች ጥላን የገፈፉትን ነፍስ ፈጣሪ ጥላ በሌለበት ብርሃን ያኑርልን።

ተሻለ ጥር 12 ቀን በፖስታ እንዲህ ብሎ ልኮላቸው ነበር፦ “እትዬ፣ ካርዱን አየሁት። ስሜን የጻፍሽው ነርስ ብቻ አየችው ቢባል ጌዲን እንዳይመልሱት ብለሽ ነው፣ ወይስ ለእኔ ብለሽ? ለጌዲ ብለሽ ከሆነ በእሱም ልቀና ነው። እባክሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ።”

መልስ አልመጣም።