አምስት ቀዳዳ በነጭ ሳሪ

ግንቦት 2 ቀን 1986፣ ማክሰኞ

ሙቀት። ጠመኔው ጣቴ ላይ ረጠበ።

ዘጠነኛ ቢ ክፍል ካርታ ሰቀልኩ። አንዱ ተነሣና «ቲቸር፣ የእኛ ክልል የቱ ጋ ነው?» አለ። ካርታው አሮጌ ነው፣ ክልል አሥራ ሁለት፣ ጋምቤላ፣ የለበትም። ኢሉባቦር ነው ያለው። በጠመኔ ከበብኩላቸው። ደወል ሲደወል አንዱ ተደግፎት ወጣ፣ ግማሹ ክልል ሸሚዙ ላይ ሄደ። ጂኦግራፊ ማስተማር እንዲህ ነው ዘንድሮ።

ዘበኛው ዛሬም ሚስስ ማሪያማን «እንኳን አደረሰዎ» አሏቸው። ሕንዳዊቷ የሒሳብ መምህራችን ነጩን፣ ጥለቱ ወርቅማ የሆነውን ሳሪ በለበሱ ቁጥር ሰውየው በዓል ይመስላቸዋል። ሴትየዋ አሥራ አራት ዓመት ኖረውብናል፣ መልሱ አይጠፋቸውም። «እንኳን አብሮ አደረሰን።» ልደታ ትናንት አልፋለች። ዛሬ ምንም የለም።

ግንቦት 5፣ አርብ

የሚስስ ማሪያማ ኮንትራት አይታደስም። ደብዳቤው ከቢሮ መጣ። ሦስት መስመር ነው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ምስጋና። ሰኔ 1 ወደ አገራቸው ይበርራሉ።

«ምን ተሰማዎት?» አልኳቸው። «የአሥረኛ ክፍል ፈተና ማን ያርማል?» አሉ።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ሻንጣ ማሰናዳት ጀምረው ኖሮ ጠዋት ስታፍ ሩም ገቡና ተቀመጡ። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ አንድ ነጭ ሳሪ አወጡ። ሁልጊዜ የሚለብሷት አይደለችም፣ ሌላ ናት። ከሣጥኑ ሥር ምስጥ ገብቶ በልቷታል። ምስጡ የበላው አንዴ ነው። ሳሪዋ ግን ታጥፋ ስለነበር ስትዘረጋ አምስት ቀዳዳ፣ በአንድ መስመር፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ጋምቤላ ውስጥ እንዲህ በልክ የሠራ ሰው አላየሁም።

የሠርጋቸው ናት። በአገራቸው ክርስቲያን ሲጋባ ሙሽራው ልብስ ያመጣል። ከዚያች ልብስ ሰባት ክር ይመዘዛል፣ ይገመዳል፣ ትንሽ የወርቅ ቅጠል ይንጠለጠልበትና ለሙሽራዋ አንገቷ ላይ ያስርላታል። እንደ እኛ ማተብ መሆኑ ነው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ክሩ ዛሬም አንገታቸው ላይ አለ።

«ለልጄ ሠርግ ነው የምለብሳት። ከአውሮፕላን ወርጄ በሦስተኛው ቀን። እዚያ ለማሠራት ጊዜ የለም» አሉ። «ከዚያ በኋላ የምለብሳት አንዴ ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«ስቀበር።»

ሻይ አመጣሁላቸው።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ገበያ መሃል ወዳለው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ኦቻላ ይዣቸው ሄድኩ። ኦቻላ ጥሩ ሰው ነው፣ ሳሪዋን በሁለት እጁ ዘርግቶ ብዙ አሰበ።

«በመኪና ጥርቅም አደርገዋለሁ።»

«ይታያል» አሉ ሚስስ ማሪያማ።

«እሺ፣ አበባ እለጥፍበታለሁ። አምስት አበባ።»

«አይሆንም።»

«ኪስ?»

ተሰናብተን እንሂድ ልል ስል አፌ ቀደመኝ። «ይሄ አይሰፋም፣ መሸመን ነው ያለበት። ክር በክር። ድሩን መጀመሪያ፣ ማጉን ቀጥሎ።» ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«እንዴት አወቅህ?» አሉ ሚስስ ማሪያማ።

«አንብቤ።»

የት ነው ያነበብኩት? ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

ከትምህርት በኋላ ሳሪዎቻቸውን ሁሉ አወጡልኝ። ስምንት ናቸው። እያንዳንዷ አገር አላት። አንዷ ገና ሳትሸመን ክሩ በየቦታው እየታሰረ ቀለም ይነከራል፣ ሲሸመን ሥዕሉ በራሱ ይገጥማል፣ ዳሩ ላይ ብቻ እንደ ውኃ ይዋልላል። አንዷ ሐር ናት፣ መሃሉና ጥለቱ ለየብቻ ቀለም ሆነው በየመስመሩ እየተቆላለፉ ይሸመናሉ፣ ለዚያ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ነጯ የራሳቸው አገር ናት። «እኛ ጋ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው» አሉ። «እግሩ ጉድጓድ፣ እጁ ላይ።»

እጄ ጨርቁ ላይ ነበር። መለስ ሳደርገው አዩ።

«አባትህ ምን ነበሩ፣ ሚስተር ዘገየ?»

«አራሽ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለመድኩት መልስ ነው፣ አያደናቅፈኝም።

ግንቦት 14፣ እሑድ

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

አባቴ ሸማኔ ነበር። ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ቤታችን ውስጥ፣ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ። ልጆች «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያሉ፣ የሸማኔ ስድብ ነው፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሸኝተውኛል። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ማግ አቀባይ ነበርኩ፣ በአሥራ ሁለት መወርወሪያውን ጨበጥኩ፣ በአሥራ ስምንት መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁና እጄን ታጠብኩ።

ሚስቴን ፀዳለን ለጋብቻ ስጠይቅ አባቷ ዘር ቆጠሩ። ባላባት ናቸው፣ መቁጠር ይወዳሉ። አራሽ አልኩ። አንድ ጥማድ በሬም ጨመርኩ። ምን አስጨመረኝ?

የሠርግ ቀሚሷን አባቴ ነው የሠራው። አራት ወር። አዲስ አበባ ገዛሁት ብዬ ሰጠኋት። ሠርጉ ላይ አባባ መጣ፣ ዳሱ በር አጠገብ ከጎረቤት ጋር ተቀመጠ። እኔ ነኝ እዚያ ተቀመጥ ያልኩት፣ ለእነ ፀዳለ ታሞ ቀረ ብዬ። እሺ አለ። በሦስተኛው ዓመት ሞተ።

ዘንድሮ የትንሣኤ ሌሊት አንድ ሕፃን ጧፍ አስጠግቶ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አቃጠለባት። ቤት ስትገባ አለቀሰች። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በሌላ ልብስ ሄደች። ለእኔ መጠገኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አልነካሁትም።

ግንቦት 16፣ ማክሰኞ

ሳሪዋን ተቀበልኩ።

«ማን ሊሠራት ነው?» አሉ። «አንድ ሰው አለ» አልኩ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ጣቴን ብቻ ነው ያዩት።

ቤት አይሆንም፣ ፀዳለ አለች። ማታ አይሆንም፣ ነጭ በነጭ ነው፣ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። የስፖርት መምህሩ አኳይ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል። የምሳ ሰዓት እንዲያስገባኝ ለመንኩት።

«ምን ልትሠራ?»

«ካርታ ልጠግን።»

«እሺ።» አኳይ ጥያቄ አያበዛም።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ክሩን ከሳሪዋ ከራሷ ጫፍ መዘዝኩ። ሌላ ክር አይገጥምም። ለሠርጉ ሰባት መዘዙ፣ እኔ በአንድ ቀን ስድሳ። ይቅር ይበሉኝ።

እጄ አልረሳም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ረሳ ብዬ ነበር።

ግንቦት 19፣ አርብ

አንደኛው ቀዳዳ አለቀ። የቆርቆሮው ሙቀት… ላቤ እንዳይነካት ጨርቅ ግንባሬ ላይ አሰርኩ።

አኳይ ኳስ ሊያወጣ ገባና ቆመ።

«ካርታ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ማን አስተማረህ?»

«አባቴ። ሸማኔ ነበር።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት። መሬት አልተከፈተችም።

«የእኔ አባት ዓሣ ያጠምዳል» አለ። «መረብ መጠገን አስተምሮኛል። እኔ እንዲህ አልችልም።» ኳሷን ይዞ ወጣ። ነፋስ የላትም ነበር፣ ለመንፋት ተመልሶ መጣ፣ እየነፋ አየኝ።

ግንቦት 23፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው። ይሄኛው የወርቁን ጥለት ነክቶታል። ሦስት ጊዜ ፈታሁት። አባባ ቢኖር «ክሩን አትሳበው፣ አስቀምጠው» ይል ነበር። አስቀመጥኩት። ያዘ።

ፀዳለ «ምሳ ለምን አትመጣም?» አለች። «የካርታ ሥራ አለ» አልኩ። ይህም እንደ በሬዎቹ ነው።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን አኳይ አወጣው፣ ያውም ውኃ እንኳ ሳይጠጣ።

ፀዳለ ከማኅበር ጓደኛዋ ከወርቅነሽ ጋር ገበያ ነበረች። አኳይ አገኛቸው፣ ሰላም አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፣ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ፦ «ሲስተር ፀዳለ፣ ባልሽ በጣም ጎበዝ ሸማኔ ነው። አባቱ አስተምሮት። አንቺ እድለኛ ነሽ።»

ሊያመሰግነኝ ነው። እሱ ዘንድ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይመሰገናል፣ አለቀ። ደጋ ውስጥ ያ ቃል ምን እንደሆነ ማን ይንገረው? እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ።

ወርቅነሽ ቲማቲም መምረጥ አቆመች አለች ፀዳለ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በሬዎቹስ?»

«በሬ አልነበረም።»

ክሊኒክ ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች። ተራዋ ሰኞ ነው።

ግንቦት 29፣ ሰኞ

የፈሩት ይደርሳል። ደረሰ። ምግብ ይቀርባል፣ ቃል የለም። የፈራሁት ንቀቷን ነበር። ንቀት አይመስልም። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ለአኳይ ነገርኩት። ደነገጠ።

«ሰው ልብስ ስለሠራ ነው?»

«አዎ።»

«እናንተ ትለብሱታላችሁ አይደል?»

«እንለብሳለን።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ፣ «ግን አልገባኝም።»

አምስተኛውን ቀዳዳ ጨረስኩ።

ግንቦት 30፣ ማክሰኞ

ሚስስ ማሪያማ ሳሪዋን መስኮቱ ላይ ዘርግተው በመነጽር ፈለጉ። አራቱን ቀዳዳዎች አገኙ። አምስተኛውን አጡት። እኔም ፈለግኩት፣ አጣሁት።

«ያ ሰው» አሉ፣ «የሱ አባት ሸማኔ ነበሩ?»

«የኔ አባት ነበሩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለቱንም ቀን ከእኔ ጋር ትሆናለህ። በልጄ ሠርግም፣ በዚያኛውም።»

«ሁለተኛውን አያስቸኩሉት» አልኩ።

ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም… ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

ሰኔ 1፣ ረቡዕ

በረሩ። ዘበኛው እንኳን አደረሰዎ አሏቸው። ዛሬ እንኳ በዓል ቢሆን ምን ነበረ? መልሱን መለሱ።

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

ስምንተኛ ቀን ያለ ቃል። የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እኔ እያረምኩ ነው። ሒሳብ አልችልም።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ የሠርግ ቀሚሷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ የተቃጠለው ወደ ላይ ሆኖ። እሷ ቆማለች።

«ይሄን የገዛኸው ከየት ነው?»

አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አልገዛሁትም።»

ተቀመጠች። ጥለቱን ስትዳብስ ቆየች። «አባትህ ናቸው?»

«አዎ። አራት ወር።»

«ሠርጉ ላይ ነበሩ?»

«ዳሱ በር ጋ።»

ቀስ ብላ፦ «ከዳስ ስወጣ ዝናብ ጥሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የቀሚሴን ጫፍ ከጭቃው አነሡልኝ። እስከ መኪናው ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ተባረኪ አሉኝ። የሠፈር ሰው መስለውኝ… እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳቸውም።»

እኔ ይሄን አላየሁም ነበር። መኪናው ውስጥ ነበርኩ።

«ሸማኔ መሆናቸው አይደለም» አለች። «አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

አፈርኩ፣ በአባቴ ሳይሆን በራሴ አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ እፍረት ነው።

ክፍል ገብታ መርፌ አምጥታ ቀሚሱ አጠገብ አስቀመጠችና ወጥ ልትሠራ ሄደች።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

በሩ ላይ፣ ሰው በሚያይበት፣ ወንበር አውጥቼ ጨረስኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰላም አለኝ። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ አለፈ።

ሰኔ 12፣ እሑድ

ሚካኤልም ነው፣ ጰራቅሊጦስም። ለብሳ ሄደች።

ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ወርቅነሽ ቀሚሱን ጉልበቷ ጋ ዳበሰች። ቀዳዳውን ፈልጋ አጣችው። «ውይ፣ አዲስ ነው እንዴ? ማን ሠራልሽ?» አለች፣ ዓይኗን ወደኔ ጣል አድርጋ።

ሦስት አራት ሴቶች ቆመዋል። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ማሰሪያ የለውም።

«አማቴ ናቸው የሠሩት» አለች ፀዳለ። «ሸማኔ ነበሩ። ያደሰው ልጃቸው ነው።»

ወርቅነሽ ጥለቱን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ «የእኔም የተቀደደች ነጠላ አለች» አለች።

ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። ፀዳለ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጎንበስ ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩላት።

«ተወው፣ ይታጠባል» አለች።

እስከ ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ።