ታች አራቴ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ስድስት የኮምፒውተር ተርሚናሎች ካርድ ክፍል ገቡ። አዲስ ይሏቸዋል... ሌላ ክሊኒክ የጣላቸው አሮጌዎች ናቸው። ማን ገጠማቸው? እኔ! ገመድ ሰካሁ፣ በሚመጣው ዝርዝር ላይ በቀስቷ ቁልፍ ታች አራቴ፣ "አስገባ"፣ አለቀ። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው። ከበር ጥበቃ አንስተው እዚህ ያደረሱኝ እነዚህ ጣቶች ናቸው። ባለ ዲፕሎማው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ዓይኔን ጨፍኜ ሠርቼ አሳየኋቸው።

ማክሰኞ 5
ካርድ ጸሐፊዋ ጠራችኝ። "ጋሼ፣ አንድ ፊደል ላጠፋ ስነካው የበሽተኛውን ስም ከነአባቱ ይዞት ይሄዳል።"
"ቁልፉን እንደ እህል ስለምትወቅጪው ነዋ!"
የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አኮረፈች። ምን ያስኮርፋታል?

ረቡዕ 6
አርባ ካርድ ባዶ ሆነ። በሽተኞቹ ቁጥራቸውን ይዘው ይጮኻሉ። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን "ዓርብ የመጨረሻሽ ነው" አላት። እኔን "ማሽኑስ?" አለኝ።
"ማሽኑ ደህና ነው።"
የገጠምኩት እኔ አይደለሁ? እንዴት ደህና አይሆንም!

ሐሙስ 7
ደሜ ፈልቷል። በማን? ቆይ...
ሁሉም ምሳ ሲወጡ አንዱን ጠረጴዛ ገፋ አደረግሁ። ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት። ሰኞ ከተርሚናሎቹ ካርቶን አውጥቼ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ የደገፍኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ከካርቶን የሚወጣ ወረቀት ሥራው እሱ ነው። ዘረጋሁት። በገዛ ፊደላችን! "በእነዚህ ተርሚናሎች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ስለተጨመረ፣ አራተኛውን ሳይሆን አምስተኛውን ይምረጡ።"
ፊደል ልቆጥር ዘጠኝ ወር የማታ ትምህርት! ታፔላ፣ የመድኃኒት ሳጥን፣ የአጥር ማስታወቂያ ሳይቀር ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሰው ሳሰለች ከርሜ፣ ይቺን አላነበብኩም! አህያ! ፍየል እንኳ ወረቀት ከመብላቷ በፊት ታሸተዋለች።
ታች አምስቴ። ስድስቱም ተስተካከሉ። ማንም አላየኝም። ዝም ብልስ?... ልጅቷስ?

ዓርብ 8
ደብዳቤ ጻፍኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ተሳስቼ ገጥሜ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።" ከነፊርማዬ። ሥራ አስኪያጁ አነበበ፣ አገላበጠ...
"ማን ጻፈልህ?"
ማን ጻፈልህ!
"ማን ይጽፍልኛል?"
"እሷ ናታ። አዝነህላት ፈረምክ።"
እስክሪብቶውን ከእጁ መንጭቄ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኑ እያየ፣ ጥፋቴን ከላይ እስከ ታች ደግሜ ጻፍኩለት። "የእኔ" የምትለዋን አደመቅኋት። ሁለቱን ወረቀት አስተያየ።
እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች፤ አርባውን ካርድ ከመዝገብ መልሳ እየሞላች ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወደ በር ጥበቃ ተመላሽ። ስወጣ "ጋሼ..." አለች። "ዝም በይ፣ ተናድጃለሁ" አልኳት።
አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ስለ በሩ አይደለም፤ በሩን አውቀዋለሁ። ማን ጻፈልህ ይለኛል?... እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ በዚያ ቢሮ ማን አለውና!