እመት ማኅተም እና የሠላሳ ሦስት ዓመት የጫካ መንገዳቸው

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሐምሌ ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ይህን የጻፍኩት እኔ ደግሞ የመጨረሻዋ ነኝ። በመካከላችን የነበሩት ሁለት ወንድሞቻችን ቀድመውን ስላለፉ ልጅነታቸውን የምመሰክር እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ያደግነው ከአባታችን መሥሪያ ጀርባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ከደጃፏ በማይጠፋ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እህቴ በዚያች ጠባብ ክፍል መቀሱ የት እንደገባ፣ የማን ጫማ ከየትኛው አልጋ ሥር እንዳለ ቀና ሳይሉ ይናገሩ ነበር። እናታችን ሥራ ሲበዛባቸው “እሷን ጠይቁ” ብለው ይገላገሉን ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው የጽሕፈት መኪና ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላም በጥብቅ ደኖች ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ኃላፊው ማኅተሙን ቆልፈው ስብሰባ ሲሄዱ እህቴ ባለጉዳይ ሲጉላላ ማየት አይወዱም ነበርና፣ ስብሰባው በር ድረስ ሄደው ኃላፊውን አስጠርተው፣ ቁልፉን ተቀብለው ይመለሱ ነበር። እመት ማኅተም የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። እሳቸውም ወደዱት፤ እስከ መጨረሻው ሲጠሩበት ኖሩ።

በ1981 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ሥራቸውን ለማታውቁት ላስረዳ። ወፍና ጦጣ ሊቀርጽ ከሩቅ የሚመጣ የፊልም ቡድን ጥብቅ ደን ውስጥ ዘው ብሎ አይገባም። ከአራት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ካሜራው ከጉምሩክ መውጣት አለበት፤ ጉንፋን ወደ ጦጣዎቹ እንዳይጋባ እያንዳንዱ ሰው ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ የጫማ ሶል ሳይቀር በር ላይ ይታጠባል። መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ሁለት ቀን በእግር ስለሆነ ጄነሬተሩን፣ ባትሪውን፣ ሩዙንና ድንኳኑን የሚሸከሙ ሰዎች ይቀጠራሉ። ይህን ሁሉ ከአንዲት ጠባብ ቢሮ፣ በአንድ ስልክና በአንድ ሬዲዮ የሚያቀናጁት እህቴ ነበሩ። ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ጀልባ የት እንደሚገኝ ያውቃሉ። ካሜራማኖቹ በአልቅት ተነክሰው ሲማረሩም “አልቅቱ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ” ይሏቸው ነበር።

በሥራቸው የሚታወቅባቸው ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሕይወታቸውን ለወጠው። በጥር ወር 1983 ዓ.ም. አሥራ አንድ ሰዎችን እየመሩ ደኑ በር ደረሱ። የበሩ ኃላፊ የነበሩት የደን ጠባቂ ፈቃዱን ተቀብለው ስም ጠሩ፤ አሥራ አንዱም አለፉ። እህቴ ሊከተሉ ሲሉ ጠባቂው ክንዳቸውን ዘረጉ። እህቴ የሁሉንም ስም ጽፈው የራሳቸውን ረስተውታል። ለመኑ፣ ተቆጡ፣ “ፈቃዱን እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ!” አሉ። ጠባቂው “ጽሕፈትዎ ያምራል፤ ስምዎ ግን የለበትም” ብለው ወንበር አቀረቡላቸው። ቡድኑ እስኪመለስ ድረስ እህቴ ከበሩ ውጭ ባለችው የእንግዳ ጎጆ አሥራ ስድስት ቀን ቆዩ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቡድኑ ሲወጣ፣ ለመመለስ ያልቸኮሉት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ከተሸካሚዎቹ ሰምቻለሁ።

መጋቢት 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ከእኚሁ የደን ጠባቂ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1987 ዓ.ም. አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው ወደ ውስጠኛው ኬላ ተመደቡ። በዚያ ኬላ የሠራተኛ ቤተሰብ መኖር አይፈቀድም፤ ሚስትም ብትሆን እንደ ማንኛውም ሰው ፈቃድ አውጥታ ነው የምትገባው። ባለቤታቸው እንዳይመጡ ደግሞ የዓመት ዕረፍታቸውን በበጋ ሥራው፣ በክረምት የሞላው ወንዝ ይበላባቸዋል። በሠላሳ ሦስት ዓመት ከተማ የመጡት አራት ጊዜ ነው።

እህቴ በመጀመሪያ ለብቻቸው ባመለከቱ ጊዜ “የጉዞው ዓላማ” በሚለው መስመር ላይ “ናፍቆት” ብለው ጻፉ። የፈቃድ ሹሙ በደንቡ የተዘረዘሩት ምርምር፣ ጥበቃና ቀረጻ ብቻ ናቸው ብለው መለሱባቸው። ከዚያ ወዲህ የእህቴ መግቢያ የፊልም ቡድን ብቻ ሆነ። ቡድን ሲመጣ ፊታቸው ይፈካል፣ ልጃቸውን እኔ ዘንድ ትተው ይበራሉ። አንድም ቡድን ያልመጣበት ዓመት ነበር። ያን ዓመት ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ እንቁራሪት ለፊልም ሠሪዎች አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፉ። እንቁራሪቱ በእውነት አለ፤ በኋላም ተቀርጿል።

በተረፈ ያላቸው ሬዲዮ ነበር። አመሻሹ ላይ ይነጋገራሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ኬላ ስለሚያዳምጥ የልባቸውን አያወሩም። “ጄነሬተሩ እንዴት ነው?” ይላሉ እህቴ። “ደህና ነው፤ ትንሽ ያስለዋል” ይላሉ ባለቤታቸው። በሚቀጥለው ጭነት የሳል መድኃኒት ይላካል።

እኔ እንደ እውነቱ ከሆነ በእኚህ ሰው አዝኜባቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ከፊት ተቀምጠው ስለሚሰሙኝ ሐሜት አይሆንብኝም። ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ የመዛወር ዕድል አግኝተው አልተቀበሉም። እህቴን፣ ባለቤታቸውን እንዲመጡ ለምን እንደማያስገድዷቸው ስጠይቃቸው “አምጥቼ ምን ላስጠብቃቸው? የአበባ ማሰሮ?” ብለው ሳቁብኝ። እየሳቁ ያልፉኝ ነበር እንጂ፣ ከሬዲዮው ሲነሡ መነጽራቸውን ደጋግመው ሲጠርጉ አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በካርቶን ያስቀመጧቸውን ፈቃዶች አውጥቼ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ደመርኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የምንለው ትዳር አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆን ነው።

ባለቤታቸው በመጪው ሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ። እህቴ ለዚያ ቀን ብለው ከአራት ዓመት በፊት ሰፋ ያለ ቤት ገቡ። ሰፊ አልጋ አሠሩ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አኖሩ፣ ለባለቤታቸው ልብስ የቁም ሣጥኑን ግማሽ ባዶ አደረጉ። ባለፈው ጥቅምት የጉበት ሕመም እንደጸናባቸው ሐኪሞች ሲነግሯቸውም “ዘጠኝ ወር ብቻ አቆዩኝ” ነበር ያሉት። ለባለቤታቸው እንዳልናገር አስማሉኝ። በሬዲዮ “የከተማው ጄነሬተርስ?” ተብለው ሲጠየቁ “እንደ አዲስ ነው” ይሉ ነበር።

በየካቲት ወር ሆስፒታል ሲገቡ መሐላዬን አፈረስኩ። ሬዲዮው ፊት ተቀምጬ “ሚስትዎ በጠና ታመዋል፤ ይምጡ” አልኩ። ኬላዎቹ ሁሉ ሰሙ። ባለቤታቸው በአራተኛው ቀን፣ ጭቃው ሱሪያቸው ላይ እንደደረቀ ደረሱ። የጥየቃ ሰዓት ሲያበቃ የበሩ ጥበቃ እንዲወጡ ነገራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲመልሱ የኖሩት ሰው አንድ ቃል ሳይከራከሩ ወጥተው ከአጥሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይህን ስነግራቸው እህቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አሉኝ። ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ማመልከቻ ጻፉ፤ የሚገባው ሰው አንድ፣ ይዞት የሚገባው ዕቃ አንድ ብርድ ልብስ። የሚቆይበትን ጊዜ ሳይጽፉ ተዉት። ነርሷ አንብባ ፈረመች። አሥራ አንድ ሌሊት አብረው አደሩ። እህታችን መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከባለቤታቸው ሌላ ሴት ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተዋል።

ትናንት ባለቤታቸውን አይተውት ወደማያውቁት ቤታቸው ወሰድኳቸው። መኝታ ቤቱ በር ላይ ብዙ ከቆሙ በኋላ እሷ የምትተኛው በየትኛው በኩል ነው ብለው ጠየቁኝ። በግድግዳው በኩል ነው አልኳቸው። ጫማቸውን አወለቁና በሌላው ጠርዝ ላይ፣ የእህቴን ቦታ ሳይነኩ ጋደም አሉ። ያኔ ቂሜ ሁሉ ጠፋ። ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ ማረፊያዋን ያሰናዳላት፤ ባለቤታቸውንም ከዚያ ቤት ጋር ያለማምድልን።